በብርድ ወራት በደጅ ስለ መዝራት

በሰሜን አሜሪካ በረዶ ምድሩን በሚሸፍንበት በታኅሣሥና በጥር ወራት ዘር በደጅ መዝራት ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገር ግን ብርድ የዘር ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ጎመን ውርጭን ይችላል፤ የአንዳንድ አበባም ዘር ብርድና እርጥበት ካላገኘ አይበቅልም።

ስለዚህ በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን እንመክራለን። ብርሃን የሚያሳልፈውን ባዶ የወተት ፕላስቲክ ሳይጥሉ ወገቡን ይቁረጡ፤ ውሃው እንዲወርድ ታቹን ይብሱ፤ አራት ጣት ያህል እርጥብ አፈር ጨምረው ይዝሩ። ከዚያም ቁራጩን መልሰው ያጣብቁና ክዳኑን አውልቀው በደጅ ያኑሩት፤ አየርና ዝናብ በአፉ ይገባልና። ቲማቲም ግን ውርጭ ስለሚገድለው እስከ መጋቢት ይቆይ።

ፀሐይ ሲበረታ ላዩን መክፈትና ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘነጋ ብርዱን ያለፈው ቡቃያ በሙቀት ይጠፋል። የተጠነቀቀ ሰው ግን ያለ ሞቃት ክፍል፣ ሊጣል በነበረ ዕቃ ጠንካራ ችግኝ ያገኛል።