ሆድ ሲመረመር የሐኪም እጅ ምን ይፈልጋል?

«ሆዴን አመመኝ» የሚል ሰው ለሐኪሙ ብዙም፣ ጥቂትም ነገር ነው የነገረው። በአማርኛ ሆድ ሰፊ ነው፤ ምግብ ይገባበታል፣ ልጅ ይፀነስበታል፣ ምስጢርና ቂም ሳይቀር ይቀመጥበታል። በሕክምናም ጠባብ አይደለም። ከጎድን አጥንት በታች እስከ ዳሌ ድረስ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ጣፊያ፣ ቆሽት፣ ኩላሊት፣ ብዙ ሜትር የሚረዝም አንጀትና ፊኛ ተጠጋግተው ይገኛሉ። በሴቶች ላይ ደግሞ ማህፀን፣ ሁለት የማህፀን ቱቦዎችና ሁለት የእንቁላል ማምረቻዎች ይጨመራሉ። ታዲያ ቆዳው ሳይከፈት የታመመው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? የሕክምና ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሚመልሱት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል በመሥራት ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ መታ መታ ማድረግ፣ መዳሰስ።

ከመንካት በፊት

ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን በትንሹ ያጥፋል፤ እንዲህ ሲሆን የሆድ ጡንቻ ይላላል። መጀመሪያ ዓይን ይሠራል። ሆዱ ተነፍቷል? የድሮ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ? ሲያስል ያበጠ ነገር ብቅ ይላል? ታካሚው ራሱስ እንዴት ነው? በኩላሊት ጠጠር የሚሠቃይ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ መርጋት ያቅተዋል፤ ይገላበጣል። የሆድ ዕቃው ሽፋን የተቆጣበት ሰው ግን ትንሽ እንቅስቃሴ ስለሚያሳምመው ድርቅ ብሎ ይተኛል። ይህ ልዩነት ከበር ላይ ሆኖም ይታያል።

ቀጥሎ ማዳመጫው ሆድ ላይ ይቀመጣል። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲመረመር ማዳመጥ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሆድ ላይ ግን ከመዳሰስ ይቀድማል፤ ምክንያቱም መጫን የአንጀትን ድምፅ ሊቀይረው ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ጤነኛ አንጀት ይንጎራጎራል። ከቆመ ዝም ይላል፤ ሲዘጋ ደግሞ መጀመሪያ ላይ እየታገለ ቀጭን፣ ጮክ ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

የበርሜሉ ብልሃት

ጀሪካን ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ለማወቅ ጎኑን መታ መታ አድርጋችሁ ታውቁ ይሆናል። ባዶው ክፍል እንደ ከበሮ ያስተጋባል፣ ውኃ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ሊዮፖልድ አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ይህንኑ በሰው ደረት ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1761 መጽሐፍ አሳተመ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለነበር ሐሳቡን ያገኘው ከወይን በርሜሎች ነው ይባላል። ዘዴው ሆድ ላይም ይሠራል፤ አየር ያለበት አንጀት ያስተጋባል፣ ጉበት ድፍን ነው። ሆድ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ደግሞ ታካሚው ወደ ጎን ሲገለበጥ ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድ ድፍኑ ድምፅ አብሮት ቦታ ይቀይራል።

እጅ ሲናገር

መዳሰስ የሚጀመረው ከሚያመው ቦታ ርቆ፣ በሞቀ እጅና በቀስታ ነው። ተማሪው ማየት ያለበት የራሱን እጅ ሳይሆን የታካሚውን ፊት ነው። ፊት ቶሎ ይናገራል።

ጣፊያን እንውሰድ። ጤነኛ ጣፊያ ከግራ ጎድን ሥር ተሸሽጎ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አይገኝም። ሲያብጥ ግን ወደ እምብርት፣ አልፎም ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ያድጋል። ስለዚህ ፍለጋው ከቀኝ ታች ይጀምርና ወደ ግራ ጎድን ይወጣል። ከላይ የጀመረ ሐኪም እጁን ያበጠው ጣፊያ መሐል ላይ አሳርፎ ጠርዙን ሳያገኝ ሊያልፍ ይችላል። ታካሚው በረጅሙ አየር ሲስብ ጣፊያው ወደ ታች ስለሚገፋ የሐኪሙ እጅ ጸንቶ ይጠብቀዋል። ወባና ካላዛር ጣፊያን ስለሚያሳብጡ ይህ ችሎታ ለኢትዮጵያ ሐኪም ቅንጦት አይደለም። መተማና ሁመራ ለእርሻ ሥራ ደርሶ የመጣ፣ ለሳምንታት ትኩሳት ያልተወውና የከሳ ወጣት ጣፊያው አብጦ ከተገኘ ካላዛር ወዲያው ይጠረጠራል።

የሚጓዘው ሕመም

ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል። ለምን? የትርፍ አንጀት ነርቮች አከርካሪ ውስጥ የሚገቡት የእምብርት አካባቢ ቆዳ ነርቮች በሚገቡበት ደረጃ ነው። አንጎል የመልእክቱን መነሻ መለየት ስለሚያቅተው «እምብርት ነው» ይላል። ቁጣው የሆድን ግድግዳ ውስጣዊ ሽፋን ሲነካ ግን ቦታውን በትክክል የሚያውቁ ነርቮች ይነቃሉ። የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. በ1889 የገለጸው ነጥብ እዚህ ነው፦ በቀኝ ከዳሌ አጥንት የፊት ጉብታ እስከ እምብርት ባለው መስመር ላይ፣ ከአጥንቱ በኩል አንድ ሦስተኛው ጋ።

ታካሚዋ ወጣት ሴት ስትሆን

አሁን ነገሩ ይከብዳል። ያው የቀኝ ታችኛው ሆድ ሕመም በሴት ላይ ከእንቁላል ማምረቻዋ ወይም ከማህፀን ቱቦዋ ሊመጣ ይችላል። በጣም የሚያስፈራው ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነው። ፅንሱ ቱቦው ውስጥ ሲያድግ ቱቦው ሊፈነዳና ሆድ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ደሙ ድያፍራምን ሲነካው ደግሞ ሴቲቱን ትከሻዋን ያማታል፤ የድያፍራምና የትከሻ ነርቮች ከአንድ ሠፈር፣ ከአንገት ስለሚነሡ። ለዚህ ነው በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሆዷን ስታመም የእርግዝና ምርመራ የሚታዘዘው። ስድብ ወይም ጥርጣሬ አይደለም፤ ሕይወት የሚያተርፍ ጥንቃቄ ነው። ጥያቄውም እናት ወይም ባል ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ሊቀርብላት ይገባል።

አስፈላጊ ሲሆን የማህፀን ምርመራ ይከተላል። በመጀመሪያ ፊኛዋን ባዶ ታደርጋለች። ሐኪሙ ውጫዊውን ክፍል ያያል፤ ከዚያ ስፔኩለም በሚባል መሣሪያ የማህፀን ጫፍን ይመለከታል፤ በመጨረሻም ጓንት ባጠለቀ እጁ ሁለት ጣቶቹን በብልት በኩል አስገብቶ፣ ሌላውን እጁን ታችኛው ሆድ ላይ በማሳረፍ ማህፀኗን በሁለቱ መሐል ይለካል። የማህፀን ጫፍ ሲነቃነቅ በጣም ካመማት የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ መቼ እጁን እንደሚሰበስብም ማወቅ አለበት። እርግዝናዋ የገፋና ደም የሚፈሳት ሴት የእንግዴ ልጁ ቦታ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ በጣት አትመረመርም፤ የእንግዴ ልጁ የማህፀን አፍ ላይ ከተቀመጠ ጣት የከፋ መድማት ሊያስከትል ይችላል። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጀምራ በማታውቅ ልጅ ላይም ይህ የውስጥ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም፤ በሆድ በኩል የሚታይ አልትራሳውንድ አለ። እናም ሴት ልጆች፣ ይህን ፈርታችሁ ከጤና ጣቢያ አትቅሩ።

ያለ ፈቃድ አይሆንም

የዚህ ምርመራ ታሪክ ጨለማ ገጽ አለው። አሜሪካዊው ጄምስ ማሪዮን ሲምስ በ1840ዎቹ በአላባማ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምናን የተለማመደው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነበር። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ይባላሉ፤ እንቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ብቻም አይደለም። በማደንዘዣ በተኙ ታካሚዎች ላይ ተማሪዎች ለልምምድ የማህፀን ምርመራ ሲያደርጉ አስቀድሞ ፈቃድ ሊገኝ እንደሚገባ የአሜሪካ መንግሥት ለሆስፒታሎቹ በግልጽ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚለማመዱት በአሻንጉሊት አካል ነው።

ስለዚህ ስትመረመሩ መብታችሁን እወቁ። ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሆነ ይነገራችሁ። ሌላ ሰው አብሯችሁ እንዲቆም መጠየቅ ትችላላችሁ። ተማሪ እንዳይመረምራችሁ ማለት ትችላላችሁ፤ ሕክምናችሁ በዚህ ምክንያት አይቀርም። መሐል ላይ «ይበቃል» ካላችሁ ምርመራው ይቆማል። ሐኪም ልትሆኑ የምታስቡ ደግሞ ይህን ከወዲሁ ያዙት፦ እጃችሁን ከማሞቃችሁ በፊት «ልንካሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጠብቁ።