ተጨማሪ መረጃ፦ የድድ ኪስ በሚሊሜትር

ድዳችሁ ከጥርሳችሁ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ጠባብ ክፍተት አለ። ጤነኛ ሲሆን ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ባክቴሪያ ድዱን ሲያስቆጣና ጥርሱን የያዘው አጥንት ሲሸረሸር ክፍተቱ ይጠልቃል፤ ያኔ «የድድ ኪስ» ይባላል። 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የደረሰ ኪስ የከባድ ድድ ሕመም አንዱ ምልክት ነው።

ለምሳሌ በዚህ ሕመም ጥርሱ የሚነቃነቅበት የአንኮበር ገበሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ፣ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎለት ደብረ ብርሃን ሊታከም ይችላል። ሐኪሙ ሚሊሜትር በተሰመረበት ቀጭን ዘንግ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ያለውን ክፍተት 6 ቦታ ላይ ይለካል፤ 32 ጥርስ ላለው ሰው 192 ቁጥር መሆኑ ነው! አሰልቺ ነው፤ ግን «ድዱ ታሟል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙም አይናገርም። የኪሱ ጥልቀት፣ የጥርሱ መነቃነቅና በራጅ የታየው የአጥንት መጉደል የሕክምና ካርዱ ላይ ከሰፈሩ፣ ቀጣዩ ሐኪም ለውጡን ያነጻጽራል፤ መድኑም የተጠየቀውን ክፍያ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል።

ሞክሩ፦ በማስመሪያችሁ 6 ሚሊሜትር ለኩና ተመልከቱት (ድዳችሁን ግን አትጎርጉሩ)። የአንድ ጥርስ ልኬት 3፣ 2፣ 6፣ 3፣ 2፣ 7 ቢሆን፣ ኪስ ያለው ስንት ቦታ ላይ ነው?