ዕዳው ካለቀ በኋላስ?

ስለ ዕዳ ብዙ ሰብከናል። ከዕዳ ለመውጣት ጾመናል፣ ጸልየናል፤ የወጡትም ቆመው መስክረዋል፣ እኛም «አሜን» ብለናል። ምስክርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ስለሚሰማው ነገር ግን ብዙም አናወራም። ዛሬ ስለ እርሱ እናውራ።

ከራሴ ልጀምር። ለእኔና ለባለቤቴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን በ20/80 ፕሮግራም ነው። እንደምታውቁት ደንበኛው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ይከፍላል፤ 80 በመቶውን ባንክ ያበድራል፤ ብድሩም በ20 ዓመት ይመለሳል። እኛ ግን ዕቁብ በደረሰን ቁጥር፣ የዓመት በዓል ልብስም እየቀረብን፣ በ11ኛው ዓመት ዘጋነው። የመጨረሻውን ከፍለን ከባንክ ስንወጣ እልል የምንል መስሎን ነበር። ቤት ገባን፣ ቡና ተፈላ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ሌሊት ላይ ባለቤቴ «አሁን አንዳችን ብንታመም በእጃችን ስንት ብር አለ?» አለችኝ። ቆጠርነው። የአንድ ወር ወጪ እንኳ አይሞላም። ቤቱ የእኛ ነው፣ ኪሳችን ግን ባዶ ነው። እኔ ፓስተሩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ ስጠይቅ እንዲህ የሆነው እኛ ብቻ አይደለንም። ብድራችሁን ቀድማችሁ ዘግታችሁ ደስታው ያልመጣላችሁ ካላችሁ፣ ምስጋና ቢስ ስለሆናችሁ አይደለም። እስቲ ምክንያቱን አብረን እንየው።

አንደኛው ልማድ ነው። ለዓመታት ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የምታስቡት ባንኩን ነበር። እስራኤል ከግብፅ በአንድ ሌሊት ወጡ፤ ግብፅ ከልባቸው እስክትወጣ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ። ዕዳም እንደዚሁ ነው። ከወረቀት ላይ በአንድ ቀን ይሰረዛል፤ ከልብ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ወሩ መጨረሻ ላይ ደንግጣችሁ ብትነቁ አትገረሙ፤ ከወራት በኋላ ይተዋችኋል።

ሁለተኛው፣ ግቡ ማለቁ ነው። ባልና ሚስት አንድ ሸክም አብረው ሲሸከሙ እርስ በርስ ለመጣላት ጊዜ የላቸውም። ሸክሙ ሲወርድ አንዱ «አሁን መኪና እንግዛ» ይላል፤ ሌላው «አሁን ትንሽ እንረፍ» ይላል። ያልተነጋገሩበት ነገር ሁሉ ያኔ ብቅ ይላል። ይህ ትዳሩ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አዲስ ዕቅድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጸጸት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ «ምነው ባልከፈልኩ! ብሩ ሲረክስ ዕዳውም አብሮ ይቀል ነበር» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። ስሌቱ ውሸት አይደለም። ወርሃዊ ክፍያው ካልተጨመረና ገቢያችሁ ካደገ፣ የድሮ ዕዳ እያደር ይቀላል። ግን ስሌቱ የማይቆጥረው ነገር አለ፦ ሥራ ብታጡ ወይም ብትታመሙ፣ ባልተከፈለ ብድር ምክንያት ከቤታችሁ የሚያስወጣችሁ የለም። ያንን ነው የገዛችሁት። ያለፈውን ስሌት ደጋግሞ መሥራት አንድ ብር አይመልስም። የሚሻለው ከዛሬ በኋላ ያለውን ማሰብ ነው።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት አስታውሱ። ባሏ ሞቷል፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቷል። ኤልሳዕ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር አልነበራትም። ዘይቱ በዛ፤ በተዋሰችው ዕቃ ሁሉ ሞላ። እኛ ስንሰብከው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ነቢዩ ግን አላቆመም። ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል ነገራት፤ ቀጥሎም ከልጆቿ ጋር በተረፈው እንድትኖር ነገራት። አያችሁ? ተአምሩ ዕዳ መክፈያ ብቻ አልነበረም፤ መኖሪያም ነበረበት። እኛ ዘይቱን ሁሉ ለአበዳሪው አፍስሰን «የተረፈውን» ረስተን ነበር። እናንተስ?

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንምጣ።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ጨርሱ። ገንዘቡን መክፈል አንድ ነገር ነው፤ መያዣው መነሣቱ ሌላ ነገር ነው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ተቀበሉ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ቤቱ ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በመዝገቡ ላይ ያለው እገዳ መነሣቱን በዓይናችሁ እዩ። ይህን ያላደረገ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለልጁ ሊያወርስ ሲፈልግ መዝገቡ አሁንም «ዕዳ አለበት» ይለዋል። ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ ከነበረም መቆሙን አረጋግጡ። ካርታውንና ደብዳቤውን ኮፒ አድርጋችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የት እንዳለ ሁለታችሁም እወቁ።

ቀጥሎ፣ ለሦስት ወር ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። መኪና አትግዙ፣ ሌላ ብድር አትግቡ፣ ቤት አታፍርሱ። ለባንኩ ትከፍሉት የነበረውን ያንኑ ገንዘብ፣ በያንኑ ቀን፣ በሌላ ሂሳብ ለራሳችሁ ክፈሉ። እጃችሁ ለምዶታልና አይከብዳችሁም። ስም ያልተሰጠው ገንዘብ ግን በሻይ በቡና ያልቃል፤ በዓመቱ «የት ገባ?» ትላላችሁ።

ከዚያ መጠባበቂያ ገንቡ። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር ትከፍሉ ከነበረና የቤታችሁ የወር ወጪ 20,000 ብር ከሆነ፣ የሦስት ወር መጠባበቂያ 60,000 ብር ነው። 4,000ውን ሳትነኩ ብታስቀምጡ በ15 ወር ይሞላል። ባለቤቴን እንቅልፍ የነሣት ጥያቄ መልስ ያገኘው በጸሎትና በዚህ ነው። በጸሎት ብቻ ነው ብላችሁ እዋሻችኋለሁ።

ቤቱንም አትርሱ። ዕዳ አለቀ ማለት ወጪ አለቀ ማለት አይደለም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ፤ የውሃ ሞተር ይበላሻል፤ የጋራ ደረጃና ጣሪያ ጥገና ይፈልጋል። ባንኩ ያስገባችሁ የቤት መድን ከነበረ፣ ከዚህ በኋላ ማን እንደሚያድሰው ጠይቁ። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ፦ ወርሃዊ ክፍያችሁ የንብረት ግብሩንና የቤት መድኑን «ኤስክሮ» በሚባለው ሂሳብ በኩል አብሮ ይይዝ ከነበረ፣ ሞርጌጁ ሲዘጋ ሁለቱም ቢል በቀጥታ ወደ እናንተ ይመጣል። በኤስክሮው የቀረው ገንዘብ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመለስላችሁ ይገባል። ያ ገንዘብ ድንገተኛ በረከት አይደለም፤ የሚመጣው ግብር መክፈያ ነው።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ካርታችሁ ነፃ መሆኑ ሲሰማ ዘመድ ይመጣል። «ለንግድ ብድር ልወስድ ነው፣ ካርታህን አስይዝልኝ» ይላል። ወንድም ነው፣ አብሮ አደግ ነው፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል። መጽሐፈ ምሳሌ ለሌላ ሰው ዋስ መሆንን ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ግን እንዲያው አይደለም። የነቢዩን ዘይት መልሳችሁ ለሌላ አበዳሪ አታፍስሱ። በአገልግሎቴ በወንድም ፍቅር ፈርሞ ቤቱንም ወንድሙንም ያጣ ሰው አጽናንቻለሁ። መርዳት ከፈለጋችሁ፣ ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል ከእጃችሁ ስጡ እንጂ ልጆቻችሁ የሚተኙበትን ጣሪያ አታስይዙ። ባልና ሚስት ይህን ጠያቂው ሳይመጣ በፊት ይወስኑ፤ «እኔና ባለቤቴ ካርታ ላናስይዝ ተስማምተናል» ማለት ያኔ ይቀላል።

በመጨረሻም ደስ ይበላችሁ! እውነቴን ነው። ዓመታት ስትታገሉ ደስታን ለሌላ ቀን ስታስተላልፉት ስለኖራችሁ፣ መደሰት እንደ ኃጢአት ይመስላችኋል። አንድ ቀን መድቡ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ቤቱ እንዴት እንደተከፈለ ንገሯቸው፤ የቀረባቸውን ልብስና ጫማ ያስታውሳሉና ለምን እንደሆነ ይወቁ። ያቺ መበለት ዕቃ የተዋሰችው ከጎረቤት ነበር። እናንተንም በዕቁብ፣ በዕድር፣ በጸሎት የደገፋችሁ ሰው አለ፤ ሄዳችሁ አመስግኑት።

ዘዳግም ምዕራፍ 8 መልካም ቤት ሠርተው ለሚቀመጡ ሰዎች ትልቁ አደጋ መርሳት እንደሆነ ያስጠነቅቃል። እኛ ቤት ወርሃዊ ክፍያ ይወጣበት በነበረው ቀን፣ ዛሬ ቡና ይፈላና አብረን እናመሰግናለን። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነገር ሆኖብን ነበር። አሁን ለምደነዋል።

ጌታ የዘጋላችሁን ዕዳ ዳግም አትክፈቱት። በተረፈውም በሰላም ኑሩ። ተባረኩ።