የፓርኪንሰን ሕመምና የእጅ ስልክ፦ በወረርሽኝ ወቅት ከቤት የሚደረግ ክትትል

የፓርኪንሰን ሕመም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚከሰት ሲሆን፣ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትንና የጡንቻ መገተርን ያስከትላል። ምልክቶቹ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣሉ፤ ሐኪሙ ግን የሚያየው የቀጠሮውን ዕለት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ቀጠሮዎችን ባራዘመበት ወቅት ይህ ክፍተት ሰፍቶ ነበር፤ ስማርት ስልክ ግን በከፊል ሊሞላው ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ ነው። ሌቮዶፓ የሚወስድ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት መራመድ እስኪሳነው ሰውነቱ ሊተሳሰር ይችላል። ለዚህ የተራቀቀ መተግበሪያ አያስፈልግም፤ የስልኩ ደወል ይበቃል። ሆኖም ሐኪሙ «ጠዋት 1 ሰዓት» ሲል በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ አብዛኛው ስልክ ይህንኑ ሰዓት 7:00 ብሎ ያሳያል። 1:00 ብሎ የሞላ አስታማሚ ደወሉን የሚሰማው ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻማ፣ ደወሉን ከምግብ 30 ደቂቃ ማስቀደም ብዙዎችን ይረዳል፤ ባዶ ሆድ መውሰድ የሚያቅለሸልሸው ግን ሐኪሙን ያማክር።

ሁለተኛው የቪዲዮ ቀረጻ ነው። ታካሚው ከወንበር ሲነሳ፣ ጥቂት እርምጃ ሲራመድና አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ደጋግሞ ሲያገናኝ፣ መድኃኒቱን ከመውሰዱ በፊትና ከወሰደ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀረጽ። በእኛ እምነት አንድ ደቂቃ የሚሞላ ቪዲዮ ከረጅም የቃል ገለጻ ይልቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ቀረጻው ከታካሚው ፈቃድ ውጭ ለማንም አይላክ።

ለሕመሙ ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለጥናት የቀረበው ኤምፓወር የጣት ምትን፣ ድምፅንና አካሄድን በስልኩ መሣሪያዎች ይለካ ነበር። እግራቸው ከመሬት ተጣብቆ ለሚቀርባቸው ደግሞ እኩል ምት የሚያሰማ የሜትሮኖም መተግበሪያ እርምጃን ለማስጀመር ያግዛል። የምቱን ፍጥነት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይወስን።

መተግበሪያ ያሳየው ቁጥር መድኃኒት ለመጨመር፣ ለመቀነስ ወይም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ምልክቶቹ በድንገት ከተባባሱና ትኩሳት ወይም ሳል ከታከለበት፣ መነሻው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ወደ 8335 ይደውሉ። ስልኩን ታካሚውና አስታማሚው በጋራ የሚነኩት ከሆነ፣ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ይወልወል።