ከጫሞ ሐይቅ እስከ ዶርዜ፦ የቤተሰብ ጉብኝት በጋሞ ዞን

አርባ ምንጭ ስያሜዋን ያገኘችው ከከተማዋ ግርጌ ባለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ደኑ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል በመሆኑ፣ ጎብኚዎች በቅድሚያ የመግቢያ ክፍያ ፈጽመው ደረሰኝ መያዝ ይኖርባቸዋል።

ልጆችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተው በጫሞ ሐይቅ ላይ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ ነው። የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ሥፍራ «የአዞ ገበያ» ይባላል፤ የሚሸጥም የሚገዛም የለበትም፣ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ በብዛት ስለሚወጡበት የተሰጠ ስም ነው። ከአዞዎቹ ሌላ ጉማሬዎችም በሐይቁ ይኖራሉ። ስለሆነም ወላጆች ለእያንዳንዱ ልጅ ልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳያስለብሱ ጀልባ ላይ ሊሳፈሩ አይገባም። እጅን ከጀልባው አውጥቶ ውኃ መንካት፣ ልጆችንም ያለ ጠባቂ በሐይቁ ዳርቻ መተው ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከሐይቁ ሙቀት ወደ ዶርዜ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ መያዝ ይጠቅማል። በዚያ ልጆች ጥጥ መፍተልን ሊሞክሩ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ በማርና በዳጣ ሊቀምሱ ይችላሉ፤ ዳጣው ግን ያቃጥላል። የዝሆን ግንባር የሚመስለው የቀርከሃ ቤትም መታየት ያለበት ነው። ምስጥ ግርጌውን በበላው ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።