የመንዝ በግ መንገድ፦ ከጓሳ ግርጌ እስከ ካራ

መንዝ ውስጥ በግ ገንዘብም ነው፣ ልብስም ነው። ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ በልግ ሲቀር፣ ልጅ ሲታመም ወይም የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያው ሲደርስ መጀመሪያ ገበያ የሚወጣው በግ ነው። ጠጉሩ ተሸልቶ ይፈተልና ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ሥጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላው ሩቅ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ አዲስ አበባ ከሚገቡት በጎች ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጡ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ዋጋቸው እናወራለን። ከበረት ወጥተው እጃችን እስኪገቡ ምን እንደሚደርስባቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በጉ አገሩን ይመስላል። ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ላቱ አጠር ብሎ ጫፉ የሚታጠፍ ነው፤ አውራው የተጠማዘዘ ቀንድ ያወጣል። ያደገው በግ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ቢመዝን ነው። ብርዱንና የበጋውን ቀጭን ግጦሽ የሚችለው በዚህ ትንሽነቱ ነው። በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ያሉ አርቢዎች ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝርያውን ከውስጡ እያሻሻሉት ነው። ቀድሞ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ፈጥኖ ይሸጥ ስለነበር ለርቢ የሚቀረው ደካማው ነበር። አሁን ምርጡን አውራ አስቀርተው በጋራ ይጠቀሙበታል። ለጥቂት ኪሎ ጭማሪ ዓመታት የፈጀ ትዕግሥት ነው።

የእነዚህ በጎች አገር ከፍ ብሎ የሚታየው ጓሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሜዳ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ፣ ደንብ ያፈረሰ ምን እንደሚቀጣ የታወቀ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ለሣሩ ይህን ያህል ያሰበ አገር፣ ሣሩን በልቶ ላደገው እንስሳ ጉዞ ደንብ ለማውጣት የሚያንሰው ነገር አይታየኝም።

ከጓሳ እስከ አዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ይገናኛል፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖና ሰንዳፋ እያለ አዲስ አበባ፣ ካራ የበግ ተራ ይደርሳል። በሰዓት ቢቆጠር የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። በጉ የሚቆጥረው ግን ከበረት የወጣበትን ጊዜ ነው። ባለቤቱ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ ይነዳዋል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይቆማል፤ ገዢ ሁሉ ወገቡን ይጨብጠዋል፣ ላቱን ይመዝነዋል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የገዛው ነጋዴ ጭነቱ እስኪሞላ ያሳድረዋል። ሌሊት ይጫናል፤ ካራ ደርሶም ገዢ እስኪያገኝ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይቆማል። በዚህ ሁሉ መካከል ውኃ የሚያቀርብለት ሰው ከሌለ ሁለት ቀን ተጠምቶ ይሸጣል።

ለዚህ ጭካኔን ተጠያቂ ማድረግ ይቀላል፤ እኔ ግን ዋናው ምክንያት አሻሻጡ ነው እላለሁ። በግ በአብዛኛው ገበያችን የሚሸጠው በዓይን ግምት ነው፣ ሚዛን የለም። ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ ትልቅ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ሾፌርና ረዳት፣ ከዚያ ወደ ከተማ ቸርቻሪ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ሰው በእጁ የሚያቆየው ለሰዓታት ነው። መንገድ ላይ የጠፋው ኪሎም ሆነ ቆዳ ሥር የተቋጠረው ደም ማንም ሂሳብ ላይ አይገባም። የኮቴ ቀረጥ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው። የመኪናውም ሂሳብ ጭነት በበዛ ቁጥር ይቀላል። ስለዚህ መጠጋጋቱ ለጫኚው ትርፍ ሲሆን ጉዳቱን የሚሸከም ባለቤት የለውም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ገና ሲጫን ነው። በጉን በጠጉሩ ጨብጦ ወደ ላይ መወርወር የተለመደ ነው፤ ጠጉሩ ሲጎተት ቆዳው ከሥጋው ይላቀቅና ደም ይቋጥራል፣ ሲታረድ ቦታው ጠቁሮ ይገኛል። በቀንድ፣ በአንድ እግር ወይም በላት ማንሳትም እንዲሁ ያቆስላል። ትክክለኛው አያያዝ አንድ እጅ ከአገጩ ሥር፣ ሌላው ከኋላ ታፋው ላይ አድርጎ ማስኬድ ነው። በግ ቀና ብሎ መሄጃው ከታየውና ፊቱ ሌላ በግ ካለ ራሱ ይሄዳል፤ ብቻውን ከመንጋው ሲለይ ነው የሚደነብረው።

ከሁሉ የሚከፋው ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነው ነው። አራት እግሩ ታስሮ በጎኑ ይጋደማል። በግ የሚያመነዥክ እንስሳ ስለሆነ ጨጓራው ውስጥ ያለማቋረጥ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙን የሚያገሳው ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ ሲሆን ነው። በጎኑ ወይም በጀርባው ከቆየ ሆዱ ይነፋል፣ ሳንባውን ይጫነዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞትም ይችላል። አይሱዙ ላይ ቆሞ የሚሄደው የተሻለ ዕድል አለው። እግሩን አራርቆ፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር እየተስተካከለ ይቆማል። ለዚህ ቦታ ይፈልጋል፦ 30 ኪሎ ለሚመዝን በግ 0.2 ካሬ ሜትር ያህል። የመኪናው አልጋ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ከሆነ ሃምሳ በግ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲጠቀጠቅ የወደቀው መነሳት ያቅተዋል፤ ሌሎቹ ይረግጡታል።

ሥጋውም የጉዞውን ታሪክ ይይዛል። የተራበና የደነገጠ እንስሳ ጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመውን የስኳር ክምችት ይጨርሳል። ከታረደ በኋላ ሥጋው በተገቢው መጠን አሲድ ስለማይፈጥር ጠቁሮ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። በሽታም አለ። ጤነኛ በግ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ተሕዋስያን፣ ድካምና ብርድ አቅሙን ሲያሳጣው ሳንባው ውስጥ ይወርዳሉ። ለርቢ ወይም ለማድለብ የተገዛ በግ በሳምንቱ አስሎት የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ከየቀበሌው የመጣ በግ አንድ መኪና ላይ ሲደባለቅ ደግሞ ደስታ መሰል በሽታ ከመንጋ ወደ መንጋ ይሻገራል፤ ዓለም ይህን በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት አቅዷል።

መንገዱ ሲረዝም ችግሩ ይገዝፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ 57,000 ገደማ የአውስትራሊያ በጎች ጭና ሳዑዲ ዓረቢያ ብትደርስ በጎቹ ታመዋል ተብሎ ተመለሰች። የሚቀበላት አገር እየፈለገች ለሳምንታት ባሕር ላይ ከቆየች በኋላ ምጽዋ ላይ አራገፈች፤ ከ5,000 በላይ በጎች ሞተው ነበር። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ማጓጓዣ መመሪያ አወጣ። አውስትራሊያም ከግንቦት 2028 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎችን በቁም በባሕር መላክን የሚያስቆም ሕግ አጽድቃለች። ከእኛም አገር የቁም እንስሳት በጅቡቲ በኩል ይወጣሉ። ለደጋ በግ የአፋር ሙቀት ከባድ ነው፤ በተለይ መኪናው ኬላ ላይ ሲቆም፣ ነፋሱ ስለሚቆም፣ የተጠጋጋው ጭነት በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

ከመንዝ እስከ ካራ ላለው መንገድ የሚያስፈልገው ግን ትልቅ ገንዘብ አይደለም። በየበግ ተራው እንደ መኪና አልጋ ከፍ ያለ የአፈር ድልድል ቢሠራ መወርወር ይቀራል። አልጋው ላይ ጭድ ወይም አሸዋ ቢነጠፍ አያንሸራትትም። በመሐሉ እንጨት ቢጋረድ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም ወደ ፊት አይደራረብም፤ ቀንዳሙ አውራም ከጠቦቶቹ ይለያል። ከመጫኑ በፊት ውኃ፣ ካራ ሲደርስም ገንዳ ውኃ ከዋጋው አንጻር ምንም አይደለም። ሚዛን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ በኪሎ ሲሸጥ መንገድ ላይ የቀነሰው በግ ለነጋዴው ኪሳራ ሆኖ ይታየዋል።

ገዢውም ድርሻ አለው። ሲገዛ በአራቱም እግሩ እኩል መቆሙን፣ ዓይኑ መጥራቱን፣ አፍንጫው አለመዝረክረኩን፣ ትንፋሹ አለመፍጠኑን ይይ። በመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ቆልፎ መውሰድ አየር ያሳጣዋል። ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ድርቆሽ ይሰጠው፤ ቢቻል ከመታረዱ በፊት አንድ ሌሊት ይረፍ። የራበው በግ ፊት ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ሊጥ መዘርገፍ ደግነት ይመስላል፣ ግን ሆዱን አሲድ ሞልቶ በማግስቱ ሊገድለው ይችላል። ለበዓል ቀድሞ የተገዛ በግ እህል የሚለምደው ቀስ በቀስ፣ በቀናት ውስጥ፣ ከእፍኝ ተጀምሮ ነው።