ስለ ሕመም መናገርና ምክር መስጠት በእንግሊዝኛ፤ ከማንኩሽ የተገኘ ትምህርት

እንግሊዝኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሰዋስዉን አጥንተናል፤ ድርሰት ጽፈናል፤ ክርክርም ገጥመንበታል። ነገር ግን አንድ ሰው ሕመሙን እንዴት እንደሚያስረዳ፥ ሌላውም እንዴት እንደሚመክረው ያስተማረን አልነበረም። የዚህ ጉድለት ዋጋ የገባን ለዕረፍት ማንኩሽ በነበርንበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ያየነውንና የመረመርነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህራን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ሀ. የቦታው ሁኔታ

ማንኩሽ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በመተከል ዞን፥ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። አገሩ ቆላ ስለ ሆነ ወባ አይጠፋበትም። በወረዳው ጉሙዝኛ ይነገራል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የሱዳን ወሰን ቅርብ በመሆኑም ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አይታጣም። በዚሁ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ኢትዮጵያዊውንና የውጭ አገር ባለሙያውን በአንድ ቦታ አሠርቷል።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ሲያዘጋጅ በዚሁ ቋንቋ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ወደየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመክሩት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ነው። ስለዚህ በማንኩሽ አንድ ምክር በእንግሊዝኛ ተጽፎ፥ በአማርኛ ተነግሮ፥ በጉሙዝኛ ሊሰማ ይችላል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ነገር ሊወድቅ እንደሚችል ግልጥ ነው።

ለ. ሕመምን ስለ መናገር

በአማርኛ ሕመም አድራጊ ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። «ራሴን አመመኝ»፥ «በረደኝ»፥ «አቅለሸለሸኝ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን በሽተኛው ሕመሙን እንደ ንብረት ይይዘዋል፤ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ማለት ቃል በቃል ሲተረጐም «ራስ ምታት አለኝ» ነው። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋንን ይይዛል። ይህ ልዩነት ያልገባው ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ገልብጦ ይናገርና ከሐኪሙ ጋር ሳይግባባ ይቀራል።

የአካል ክፍሎች ስምም እንዲሁ ያሳስታል። «ልቤን አጥወለወለኝ» ያለ ሰው ሊያስመልሰው እንደ ሆነ መናገሩ ነው። አስተርጓሚው «ልብ» የሚለውን ብቻ ይዞ «ሃርት» ቢል፥ እንግዳው ሐኪም የልብ በሽታ ይፈልጋል። ወገቡን የሚያመውም ሰው ብዙ ጊዜ «ኩላሊቴን» ይላል። «ምች መታኝ» የሚለው ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የለውም፤ ትኩሳት ነውን? የከንፈር ቁስል ነውን? ራስ ምታት ነውን? ብሎ ምልክቱን ዘርዝሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አዎ» የሚለውም ቃል ያደናግራል። «ከዚህ በፊት መድኃኒት አልተስማማዎትም አያውቅም አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአማርኛ «አዎ» ቢል «አያውቅም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በዚህ ስፍራ የሚጠበቀው «ኖ» ነው። «አዎ»ን ወደ ውስጥ በሚሳብ ትንፋሽ ብቻ የምንገልጥበት ልማድ እንኳ ላልለመደው ሐኪም ትንፋሽ ያጠረ ሊመስለው ይችላል።

ሐ. ምክርን ስለ መስጠት

በእንግሊዝኛ የምክር ቃላት በክብደት ይለያያሉ። «ሹድ» ምክር ነው፤ «ማስት» ግዴታ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተን ግን «ሃድ ቤተር» የሚለው ነው። «ቤተር» የሚለውን ሰምተን «ቢሄዱ ይሻላል» እንደሚለው ለስላሳ አማርኛ እናስበዋለን። እንግሊዞቹ ግን ይህን የሚሉት «ካልሄድህ ጉዳት ያገኝሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ከእኛ ለሚበልጥ ሰው አክብረን የተናገርን መስሎን እናስፈራራዋለን። ከዚያም በላይ እንግሊዝኛው ለአንተም፥ ለአንቺም፥ ለእርስዎም ያለው ቃል አንድ ነው። አክብሮቱን አማርኛ በግሡ ላይ ሲያሳይ፥ እንግሊዝኛ ግን በድምፅና በአነጋገር መንገድ ስለሚያሳይ ይህን ለብቻው መማር ይገባል።

መ. ሰዓትን ስለ መተርጐም

ከሁሉ የከበደንን ስሕተት ለመጨረሻ አቆይተነዋል፤ ስሕተቱም የራሳችን ነው። በማንኩሽ አንዲት ጎረቤታችን ወባ የያዘውን ልጇን አስመርምራ ስትመለስ፥ «ልጆቼ፥ ይህን አንብቡልኝ» ብላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችን። የመጀመሪያውን መድኃኒት ልጁ ቀን በ6 ሰዓት ውጧል። ኰአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ መሰጠት ስላለበት፥ ወረቀቱ «8 ፒ ኤም» ይላል፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ማታ 2 ሰዓት ነው። እኛ ግን ቁጥሩን እንዳለ አንብበን «ሌሊት በ8 ሰዓት ስጪው» አልናት።

እርሷም አመነችን። ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል ክኒኑ ከመደቡ ላይ እያለ ሌሊት 8 ሰዓት እስኪሆን ቁጭ ብላ ጠበቀች። ስምንት ሰዓት ሊሆን የሚገባው ልዩነት ዐሥራ አራት ሰዓት ሆነ። ሲነጋ «እንዳላችሁኝ አደረግሁ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ» ብላ ስታመሰግነን፥ ነገሩን ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን የሆነውን ተናገርን፤ የቀረውን መድኃኒት እንዴት እንደምትሰጠው እዚያው ተነገራት፤ ልጁም ዳነ። ነገር ግን እነዚያ ስድስት ሰዓቶች የጠፉት በበሽታው ክፋት ሳይሆን በእኛ ተማርን ባይነት ነው።

ሠ. መደምደሚያ

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ሰዓት ሲተረጐም «ማታ»፥ «ሌሊት»፥ «ጠዋት» ተብሎ ቁጥሩም በስድስት ተስተካክሎ ይነገር፤ ቢቻል «ፀሐይ እንደ ገባች» ወይም «ከእራት በኋላ» ተብሎ ይታሰር። ሁለተኛ፥ የተመከረው ሰው የሰማውን መልሶ እንዲናገር ይጠየቅ፤ «ገባዎት?» ብሎ «አዎ» መቀበል አይበቃም። ለምሳሌ ኦ.አር.ኤስ. የምትበጠብጥ እናት አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መሆኑን በራሷ አፍ ብትናገር፥ ከዚያ በኋላ ልባችን ሊያርፍ ይችላል። ሦስተኛ፥ ሕዝቡ በሽታንና የአካልን ክፍል የሚጠራበት ቃል በአማርኛም በጉሙዝኛም ይሰብሰብ፤ እኛ ተማሪዎች በየዕረፍቱ ወደየአገራችን ስንሄድ ይህን ለማድረግ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል።

እንግሊዝኛ ማወቅ መልካም ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ለፈተና የተማረ ሰው በሰው ሕይወት ላይ ሲፈተን ሊወድቅ እንደሚችል እኛው ምስክሮች ነን።